ለድሮ ትግል ነጥብ አትጨምሩለት፣ ሰዓቱን አንሱለት

የድሮ የትግል ዘመናትን በካርድና በዳይስ ለማጫወት ያሰበ ሰው ካለ፣ በጨዋታው የደንብ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ዘመን የተጻፈውን ምዕራፍ ዘሎ ይለፈው። ለእኔ ይህን የነገረኝ አልነበረም። ምዕራፉ የሚያዘው ሕጉ እንዳለ ሆኖ ለቀድሞዎቹ ታጋዮች በአያያዝ፣ ለኋለኞቹ በዝላይ ላይ አንድ ነጥብ እንዲጨመር ብቻ ነው። የጻፈው ሰው ስለ ድሮ ትግል አንድ ገጽ ያነበበ አይመስለኝም።

ግሪኮ ሮማን የሚባለው የትግል ዓይነት አላስቸገረኝም፤ ከወገብ በታች የሚይዙትንና በእግር የሚጠልፉትን ካርዶች ማውጣት ይበቃል። ሉቻ ሊብሬ ለሚባለው የሜክሲኮ ትግል ተሸናፊው ጭንብሉን የሚያወልቅበትን ውርርድ ጨመርኩ። በቴሌቪዥኑ ዘመን፣ በእነ አሜሪካዊው ታጋይ ጎርጅየስ ጆርጅ ጊዜ፣ የተመልካች ጩኸት ነጥብ ያስገኛል።

ያቃጠለኝ እ.ኤ.አ. 1908 ነው። በዚያ ዓመት ፍራንክ ጎች ቺካጎ ላይ ጆርጅ ሃከንሽሚትን የረታው ሁለት ሰዓት ያህል ታግሎ ነው። ሃከንሽሚት በጉልበቱ የታወቀ ነበር፤ ጎች ግን በቁሙ እየተደገፈው፣ እየገፋው አደከመውና በቃኝ አሰኘው። በመጽሐፉ ሕግ ሲሆን ሃከንሽሚት የጉልበት ቁጥሩ ስለሚበልጥ ገና ወንበሩ ሳይሞቅ ያሸንፋል። የምትጨመረው ነጥብ ለሁለቱም ስለምትደርስ ምንም አትለውጥም። ዙሩን ባበዛው ያው ውጤት ዘግይቶ መጣ፤ ተጫዋቾቹም ያዛጉ ጀመር። ለአዘጋጆቹ ብጽፍላቸው ምዕራፉን ደግሜ እንዳነብ መከሩኝ። እስካሁን ያናድደኛል።

መፍትሔው ጉልበትን ቋሚ ቁጥር አለማድረግ ነው። እያንዳንዱ ታጋይ የትንፋሽ ጠጠሮች ይይዛል። አንስቶ መጣል ሦስት ጠጠር ይፈጃል፤ ባላጋራ ላይ መደገፍ ግን ከራስ አንድ፣ ከባላጋራ ሁለት ይወስዳል። ጠጠሩ ሲያንስ ጉልበትም ይወርዳል። የሰዓት ገደብ ጭራሽ አይኖርም፤ እ.ኤ.አ. በ1916 በአሜሪካዋ ኦማሃ ከተማ ጆ ስቴከርና ኤድ ሌዊስ አምስት ሰዓት ያህል ታግለው አልተሸናነፉም። ገደቡን የማስገባው ከ1920ዎቹ ወዲህ፣ ያው ሌዊስ ከሥራ አስኪያጁ ከቢሊ ሳንዶውና ከታጋዩ ከቱትስ ሞንት ጋር ሆኖ ትግሉን ካፈጠነው በኋላ ነው። አሁን ጎች አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፋል። ሃከንሽሚት ባላጋራዬ ገላውን ዘይት ተቀብቷል ብሎ ስላማረረ አንዲት የዘይት ካርድም ሠርቻለሁ፤ ከሥራዬ ሁሉ የምኮራው በእርሷ ነው።

ዘመን ለሚያደባልቁ መጽሐፉ የኋለኛው ሕግ ይሥራ ይላል። እኔ የቀደመው ይሥራ እላለሁ፤ ከገመድ ላይ መዝለል ደግሞ አራት ጠጠር ይፍጅ።