ከፍለሽ ነው የምትሠሪው?

እናቴ እስከ ዛሬ ያልተዋጠላት ነገር አለ። ሰው ሊሠራ ይከፍላል? እሷ አሜሪካ ከገባን ጀምሮ እጇ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። የሆቴል አልጋ አንጥፋለች፣ ፓርኪንግ ላይ ቆማለች፣ አሁን ደግሞ ሰው ቤት እየሄደች አረጋውያን ትንከባከባለች። አንድም ቀን በነጻ አልሠራችም። ልጇ ዩኒቨርሲቲ ገብታ «ክረምቱን ባንግላዴሽ ሄጄ ኢንተርንሺፕ ልሠራ ነው፤ ደሞዝ የለውም፤ ክፍያ ግን አለው» ስትላት ምን ትበል? «ከፍለሽ ነው የምትሠሪው? አንቺ ልጅ፣ ደህና ነሽ?» አለችኝ።

እኔም ያኔ የምመልሰው አልነበረኝም። ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ማኅበራዊ ሥራ ፈጠራ (የማኅበረሰብን ችግር በንግድ መንገድ መፍታት) ወይም የማኅበረሰብ ልማት የሚማር ልጅ ውጭ አገር ሄዶ እንዲለማመድ ይገፋፋል። ኬንያ፣ ጋና፣ ኔፓል፣ ጓቲማላ፣ ብቻ ድህነት ያለበት አገር ሁሉ ዝርዝሩ ውስጥ አለ። በመሃል አገናኝ ድርጅቶች አሉ። መጀመሪያ ያነጋገርኩት አገናኝ (ስሙን ልተወው) ለስምንት ሳምንት ከአራት ሺህ ዶላር በላይ ጠየቀኝ። የአውሮፕላን ቲኬት ለብቻ። ኢንተርንሺፑ እንደ ትምህርት እንዲቆጠርልኝ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው የክረምት ክሬዲት ያስከፍላል። ለሁለት ቦታ ከፍለህ ለሦስተኛው በነጻ ትሠራለህ ማለት ነው። ከዚያ አራት ሺህ ውስጥ ለሚሠራበት መንደር ስንት እንደሚደርስ ስጠይቅ ግልጽ መልስ አላገኘሁም። ቆንጆ ብሮሹር ግን ላኩልኝ።

ብሮሹሩ ላይ አንዲት ፈገግ ያለች ፈረንጅ ልጅ በሕፃናት ተከብባ ቆማለች። ክፍል ጓደኞቼ የሚያዩት ልጅቷን ነው። የእኔ ዓይን ወደ ሕፃናቱ ይሄዳል። ከመካከላቸው ሁለቱ የአጎቴን ልጆች ቁርጥ ናቸው።

ታዲያ ለምን ሄድኩ? በአያቴ ምክንያት። አያቴ የወሎ ሰው ናት፤ የ66ቱን ረሃብ በዓይኗ ያየች። ክፍል ውስጥ ስለ ባንግላዴሽ ስንማር እነሱም በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ ክፉ ረሃብ እንደመታቸው ሰማሁ። ቺታጎንግ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ የሚያስተምሩት መሐመድ ዩኑስ ከግቢው አጠገብ ያለች ጆብራ የምትባል መንደር መመላለስ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። በ1976 ለ42 ሰዎች በጠቅላላው 27 ዶላር ከኪሳቸው አበደሩ። አራጣ አበዳሪ አንቆ የያዛቸው ሰዎች ዕዳ ተደምሮ ያን ያህል ብቻ ነበር። ሥራው አድጎ በ1983 ለድሆች አነስተኛ ብድር፣ ማይክሮ ብድር የሚሉትን፣ የሚሰጥ ግራሚን ባንክ ሆነ፤ በ2006 ዩኑስና ባንኩ የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተካፈሉ። በአንድ ዘመን ተርበን እነሱ ጋ ይህ ሲበቅል እኛ ጋ ምን በቀለ የሚለው ነገር አላስተኛኝ አለ።

አገናኙን ተውኩት። ባንግላዴሻዊ የሆነ አንድ መምህር ታንጋይል አውራጃ ውስጥ ለሴቶች ብድር ለሚሰጥ ድርጅት ኢሜይል ጻፈልኝ። ድርጅቱ ግራሚን አልነበረም፤ የእሱን ፈለግ ተከትለው ከተነሡት ብዙዎች አንዱ ነው። የጠየቀኝ ክፍያ የለም፤ ለአስተርጓሚዬ ግን እኔው እከፍላለሁ። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ተማሪዎች መንግሥት የሚሰጠውን የፔል ግራንት ስለማገኝ፣ ውጭ አገር ለሚማሩ ለሚሰጠው የጊልማን ስኮላርሺፕ አመለከትኩና አለፍኩ። የጎደለውን እናቴ ከእቁቧ ሞላችልኝ። ዕጣዋ ገና ስለነበር ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ተራ ተቀያየረች። «ደህና ነሽ?» ያለችኝ ሴት እሷው ናት እንግዲህ።

የ2023 ሰኔ ላይ ዳካ ገባሁ። ስለ ሙቀቱ ብዙ አልልም፤ ሻወር ወስደህ ሳትደርቅ ያልብሃል። ዓመቱ የዴንጊ፣ በትንኝ የሚተላለፈው ትኩሳት፣ ዓመት ነበር። በዚያ ዓመት በአገሪቱ ከ1,700 በላይ ሰው በበሽታው ሞቷል። እናቴ በዋትስአፕ ስትደውል ሰላምታዋ «አጎበር ውስጥ ነሽ?» ሆነ።

ምግብ አላስቸገረኝም። በእጅ ነው የሚበላው። የቢሮው ሰዎች ማንኪያ ፍለጋ ሲሯሯጡ እኔ እጄን ታጥቤ ጀመርኩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ሰው ቆጠሩኝ። ሩዝና ምስር በየቀኑ አለ፤ ፍልሰታንም ያለ ብዙ ጭንቅ ጾምኩ።

መንደር ውስጥ «ኢትዮጵያ» ሲባል የሚያውቅ አልነበረም። አስተርጓሚዬ ትንሽ አሰበና «ሐበሻ፣ የቢላል አገር» አላቸው። ሁሉም በአንዴ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዲት ባልቴት እጄን ይዘው ወደ ቤታቸው አስገቡኝ። አስተርጓሚዬ የታሪክ ተማሪ ነበር፤ ሌላም ጨመረልኝ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከ1487 ጀምሮ፣ ቤንጋልን ለጥቂት ዓመታት የገዙት ሐበሾች ነበሩ። በባርነት ተወስደው ወታደርና የቤተ መንግሥት ጠባቂ የሆኑ፣ በኋላ ዙፋኑን የያዙ። አዲስ አበባ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ ይህን ግን የነገረኝ አልነበረም።

አሁን ወደ ሥራው። ድርጅቱ በየሳምንቱ ሴቶቹን በየሰፈራቸው ይሰበስባል። ቆርቆሮ ጣራ ያለው ክፍት ዳስ፣ መሬት ላይ ሰሌን፣ ሴቶቹ በረድፍ ይቀመጣሉ። የብድር ሠራተኛው በሞተር ሳይክል ይመጣል፤ ደብተር ይቀበላል፣ ብር ይቆጥራል፣ ይጽፋል። ሳምንታዊውን ክፍያ ኪስቲ ይሉታል። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ አያለሁ።

አንድ ቀን ዝናብ እየዘነበ አንዲት ሴት ሦስት መቶ ታካ ጎደላት። ሦስት ዶላር እንኳ አይሞላም። ሠራተኛው አልተቆጣም፤ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። ደብተሯን ገልጦ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ዝም አለ። ማንም አልተነሣም። እቤት የተጣደው ሩዝ ሊያርርባቸው ነው፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሊመጡ ነው፤ ግን ሒሳቡ ሳይሞላ የሚነሣ የለም። ሴትየዋ የሰሌኑን ጫፍ ትመዛለች። ትመዛለች። በመጨረሻ ከኋላ ረድፍ አንዲት ጎልማሳ የሳሪዋን ጫፍ ፈታች፤ እዚያ ውስጥ የተቋጠሩ አራት አምስት ብጣሽ ኖቶች ነበሩ። ቆጥራ ወደፊት አሳለፈቻቸው። ሠራተኛው ጻፈ፣ ራስ ቁሩን አጠለቀ፣ ሄደ።

ይህን የምነግራችሁ ለምንድን ነው? በወረቀት ላይ እዚያ ድርጅት ውስጥ አንዷ ለሌላዋ ዋስ አይደለችም። ግራሚን ራሱ የቡድን ዋስትናን በ2000ዎቹ መጀመሪያ ባደረገው ለውጥ አንስቷል። መጽሐፍ ላይ ይህን አንብቤ ፈተና ላይ መልሼዋለሁ። ሰሌኑ ላይ ግን ዋስትናው አለ። ማንም አልጻፈውም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ለዚህ ነው መሄዱ የሚጠቅመው፤ ሌላ ነገር ስለሠራሁ አይደለም።

ከስብሰባው በኋላ ሴቶቹ ስለ እናቴ ጠየቁኝ፤ እኔም የእቁቡን ነገር አወራሁ። ወለድ ስንት ነው አሉ። ወለድ የለም ስላቸው ሳቁ፤ አስተርጓሚው የተሳሳተ መስሏቸው ደግሞ ጠየቁ። ቀድማ የወሰደችው ብትጠፋስ? ዋስ አላት፤ ዳኛና ጸሐፊም አለ። ይህ ገባቸው። ቀጥላ አንዷ፣ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላት፣ «ልጄ ዛሬ ቢታመም ተራዬ ደግሞ የዛሬ ዓመት ቢሆንስ?» አለች። ተራ መቀያየር አለ፣ ተለምኖ አስቀድሞ መውሰድም አለ አልኳት። «የምትለምኚው ሰው ካለሽ ነዋ» አለችኝ። ኢኮኖሚክስ በሁለት ዓመት ያላስረዳኝን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሰችው።

የተሰጠኝ ሥራ ለለጋሾች ዓመታዊ ሪፖርት በእንግሊዝኛ የስኬት ታሪክ መጻፍ ነበር። ታንጋይል በሽመና የታወቀ ነው፤ የታንጋይል ሳሪ ሲባል አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። አንዲት ሸማኔ ጋ ላኩኝ። ተበድራ የሽመና ዕቃ ገዝታለች፣ ባሏም አብሯት ይሠራል፣ ሴት ልጇ ኮሌጅ ገብታለች። እስከዚህ ድረስ ለሪፖርት የተፈጠረች ናት። ሻይ ከጠጣን በኋላ ግን ክሩ መወደዱን ነገረችኝ። የዚህኛውን ኪስቲ ለመክፈል ከሌላ ድርጅት ተበድራለች። የዚያኛውን ለመክፈል ደግሞ ሦስተኛ ቦታ ጠይቃ እየጠበቀች ነው። የአገሩ የማይክሮ ብድር ተቆጣጣሪ ለወለድ ያስቀመጠው ጣሪያ 24 በመቶ ነው፤ ሁለት ሦስት ቦታ ስትበደር ግን ጣሪያው ምን ይረዳሃል።

እንዳለ ጻፍኩት። አለቃዬ አንብቦ «በጣም ጥሩ ነው፤ ግን ረዝሟል» አለና ሁለተኛውን ብድር ቆረጠው። ተከራከርኩ። ክፉ ሰው አልነበረም። «አንቺ በነሐሴ ትሄጃለሽ፤ ለጋሹ ግን በጥር ይመጣል» አለኝ። መልስ አጣሁለት። ሴትየዋ ግን ያልተቆረጠው ይነበብልኝ ብላ ነበርና በአስተርጓሚዬ በኩል አነበብኩላት። የክሩን ዋጋ አስተካክላ መለሰችልኝ።

ተመልሼ ያነበብኩት ነገር ደግሞ አለ። በ2015 ከስድስት አገሮች የተሰበሰቡ የማይክሮ ብድር ጥናቶች አብረው ታትመው ነበር፤ አንዷ አገር ኢትዮጵያ ናት፣ ጥናቱም የተካሄደው አማራና ኦሮሚያ ውስጥ ነው። የስድስቱም ድምር ሐሳብ ብድሩ መጠነኛ ጥቅም አለው፣ ሕይወትን ግን አይገለብጥም የሚል ነው። የሸማኔዋ ቤት ይኸው ነው። ልጅቷ ኮሌጅ ገብታለች፣ ዕዳውም አለ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሪፖርት ውስጥ የሚገባው ግን አንዱ ነው።

ፕሮፌሰር ዩኑስ እኔ በነበርኩበት ክረምት ፍርድ ቤት ይመላለሱ ነበር። በዓመቱ ተማሪዎቹ ባስነሡት አመፅ መንግሥት ወደቀና በነሐሴ 2024 የሽግግር መንግሥቱ መሪ ሆኑ። አስተርጓሚዬ ከአደባባይ ፎቶ ላከልኝ።

አሁን ወጣት ዘመዶቻችን «እኔም ልሂድ?» እያሉ ይጠይቁኛል። የምላቸው ይህ ነው። እዚያ ያሉ ሰዎች የእናንተን እጅ አይፈልጉም። ያ የሞተር ሳይክል ሠራተኛ በአንድ ጠዋት የሚሠራውን እኔ በወር አልሠራውም፤ ቋንቋውን አልችል፣ ማን የማን አማት እንደሆነች አላውቅ። የምትሄዱት ልትማሩ ነው። ተማሪ ደግሞ ራሱን እንደ ረጂ አድርጎ ፎቶ አይነሣም። ስለዚህ ለአገናኝ ብዙ ሺህ ዶላር አትክፈሉ፤ የእናታችሁ ላብ ነው። ከአገሬው ድርጅት ጋር በቀጥታ ተጻጻፉ፣ ለአስተርጓሚ ማን እንደሚከፍል አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ እናንተ ስትሄዱ የጀመራችሁትን ማን እንደሚይዘውም ጠይቁ። መልስ የሌለው ቦታ ይቅርባችሁ።

እኛ ልጆች ግን ከሌሎቹ የሚሻል ነገር አለን ብዬ አምናለሁ። እቁብ ሲጣል እያየን፣ የእድር ወንበር እየተሸከምን ነው ያደግነው። ሰሌኑ ላይ የተቀመጡት ሴቶች የሚያደርጉትን ለማየት አዲስ ዓይን አያስፈልገንም። አጠገቤ የነበረች የካናዳ ልጅ ሴቶቹ ለምን ዝም እንዳሉ አልገባትም ነበር፤ እኔ ግን ለምን እንዳፈሩ ማንም ሳይነግረኝ አውቄዋለሁ።

ገንዘቡን በተመለከተ፦ ጊልማን ለአሜሪካ ዜጎች ነው፤ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው አይችልም። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ መሆንና የፔል ግራንት ማግኘት ያስፈልጋል፤ እስከ 5,000 ዶላር ይሰጣል፣ ከትምህርት ጋር የተያያዘ ኢንተርንሺፕንም ይሸፍናል። አውሮፓ ያላችሁ የኢራስመስ ፕላስን የተግባር ልምምድ ድጎማ ከዩኒቨርሲቲያችሁ ጠይቁ፤ ከሁለት ወር ጀምሮ እስከ ዓመት ድረስ ይሄዳል። የጊልማን ማመልከቻ በዓመት ሁለቴ፣ ኦክቶበርና ማርች መጀመሪያ ገደማ ይዘጋል። ድርሰቱን የሚያነብላችሁ ሰው ካጣችሁ ላኩልኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ የለኝም።