ሁለተኛው ቀጠሮ የሚከበርበት ዓመት ይሁንልን

ወዳጆቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ በአገር ውስጥም በውጭም ሆናችሁ የዓይን ሕክምና ሥራችንን በገንዘባችሁ፣ በሙያችሁና በጸሎታችሁ የደገፋችሁ ሁሉ፣ እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ። 2018 ዓ.ም. የጤናና የሰላም ዓመት ይሁንላችሁ።

ነሐሴ ሲገባደድ ከደቡብ ጎንደር ቀበሌዎች የሚደርሰን መልእክት በየዓመቱ ተመሳሳይ ነው። ለዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና የተመዘገቡ እናቶች በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በኩል «ከበዓሉ በኋላ ይሁንልን» ብለው ይልኩብናል። ዓይናቸው ታስሮ ጠላው በማን ይጠመቃል፣ ዶሮው በማን ይሠራል? እኛም እሺ እንላለን፤ ጭቃው እስኪደርቅና መኪና እስኪያስገባ ድረስ መጠበቃችን ስለማይቀር ቀጠሯቸውን ከመስቀል በኋላ እናደርገዋለን። እስከዚያው ግን ወደ ውስጥ የታጠፈው ሽፋሽፍት በእያንዳንዱ ርግብግቢት የዓይንን ብሌን እየፋቀ፣ የምድጃውም ጭስ እየተጨመረበት በዓሉ ይውላል። ትራኮማ፣ ወይም ብዙዎቻችን የምናውቀው የዓይን ማዝ፣ ከልጅነት ጀምሮ ደጋግሞ እየያዘ የቆቡን ውስጠኛ ክፍል ያጠባብሰዋል፤ ሽፋሽፍቱን የሚያጥፈው ይህ ጠባሳ ነው። ሕመሙ ከሕፃናት ወደሚያሳድጓቸው ስለሚተላለፍ በዚህ በሽታ የሚታወሩ ሴቶች ከወንዶች እስከ አራት እጥፍ ይበልጣሉ።

ዘንድሮ ቀጠሮውን የምንይዘው አንድ ሰው ጎድሎብን ነው። ለዓመታት የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና ሲሠራልን የኖረው ነርሳችን በሰኔ ወር ከአጭር ሕመም በኋላ አርፏል። ቤተሰቡ በአደባባይ እንዲነሣ ስላልፈለገ ስሙን አልጽፍም፤ አብረውት የሠሩ ሁሉ ግን ማንን እንደምል ያውቃሉ።

ወደ እኛ ከሚመጡት እናቶች ብዙዎቹ ሽፋሽፍታቸውን የሚነቅሉበትን ወረንጦ በአንገታቸው ክር ላይ አንጠልጥለው ይመጣሉ። ቀዶ ሕክምናው በአንድ ቆብ ግማሽ ሰዓት እንኳን አይፈጅም፤ ሲያበቃም እናቶቹ ወረንጦውን ፈትተው ለመስጠት ይቸኩላሉ። እሱ አይቀበላቸውም ነበር። «እናቴ፣ ይቆይሽ፤ ከስድስት ወር በኋላ መጥቼ ዓይንሽን ሳየው ያኔ እቀበልሻለሁ» ይላቸው ነበር። የታረመ ሽፋሽፍት ከወራት በኋላ ተመልሶ ሊታጠፍ እንደሚችል ያውቃልና፣ ስፌቱ ተፈትቶ ቁስሉ ከዳነ በኋላ እንኳን ሥራውን አልጨረስኩም ብሎ ያምን ነበር። ከቀጠሮ የቀረችውን እናት ገበያ ድረስ ሄዶ ይፈልጋል። አንድ ቅዳሜ፣ ይዛ በመጣችው የገብስ ጆንያ ላይ አስቀምጧት፣ ቆቧን በአውራ ጣቱ ገልብጦ በባትሪ ሲመረምር ቆሜ አይቻለሁ። አንዲት የታጠፈች ፀጉር አላገኘም። ሴትዮዋ ምንም ሳትጠየቅ ክሯን ከአንገቷ አውልቃ መዳፉ ላይ አኖረችለት፤ ከዚያ ወደ ገብሷ ዞራ ከገዢ ጋር መከራከሯን ቀጠለች።

ይህ ክትትል በበጀታችን ውስጥ የነበረው ቦታ ጠባብ ነበር። ገንዘብ የሚሰጡን ወገኖች አስቀድመው የሚጠይቁት ስንት ቀዶ ሕክምና እንደተሠራ ነው፤ በጀት ሲቀነስም መጀመሪያ የሚሰረዘው የመመለሻው ጉዞ ነው። ባለፈው ጥር የውጭ ዕርዳታ በድንገት ሲቋረጥና አብረውን በየወረዳው ይሠሩ የነበሩ የሌሎች ፕሮግራሞች ባለሙያዎች ሲበተኑ፣ የእኛም የክትትል ጉዞ ተሰረዘ። እሱ ከውሎ አበሉ እየቆጠበ ለባጃጅ እየከፈለ፣ ባጃጅ በማይደርስበት በእግሩ እየሄደ፣ ሥራውን እስከ ግንቦት አላቋረጠም። ይህን የሰማሁት ከቀብሩ በኋላ ከሾፌራችን ነው፤ ልቤን የነካውን ያህልም አስቆጥቶኛል፤ አንድ ነርስ ከቀለቡ ቀንሶ ሊሸፍነው የሚገባ ሥራ አይደለምና።

ስለዚህ የዘንድሮ ምኞቴ ቀጥተኛ ነው። እ.ኤ.አ. ጋና በ2018፣ ማላዊ በ2022፣ ቤኒንና ማሊ በ2023 ትራኮማን የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን እንዳስወገዱ በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋግጦላቸዋል። ከመለኪያዎቹ አንዱ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ 1,000 ሰዎች መካከል፣ ሽፋሽፍታቸው ታጥፎ ሳለ የጤና ሥርዓቱ የማያውቃቸው ከ2 በታች መሆናቸው ነው። ሰውን ማወቅ ደግሞ ደጁ ድረስ ተመላልሶ ካልሆነ አይገኝም። የበሽታው ጫና በዓለም ከሁሉ በሚከብድባት አገራችን፣ ለአንድ እናት ቀዶ ሕክምና የምትሰጡ ወዳጆቼ የስድስተኛውን ወር ጉዞ አብራችሁ እንድትሰጡ እለምናችኋለሁ። የቀዶ ሕክምናው ቁጥር ቢያንስም ግድ የለም፤ ሪፖርቱ ላይ ዝቅ ብሎ የሚታየውን ቁጥር እኔ ቆሜ አስረዳለሁ።

ምስጋናዬን ሳላደርስ አላበቃም። መንገድ ሲዘጋ ከየቀበሌው መረጃ ሳታቋርጡ የላካችሁልን የጤና ኤክስቴንሽን እኅቶቼ፣ ያለ እናንተ የማንንም ቤት አናውቅም ነበር። ደመወዝ በዘገየበት ወር ሥራውን ያላቆመው ሾፌራችን፣ ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ከቶሮንቶ ማጉያ መነጽሮቹን በሰው ሻንጣ የላክሽልን እኅቴ፣ ዛሬ አራት ነርሶች እየሠሩባቸው ነው። በእሱ እጅ ሠልጥነሽ ቦታውን የተረከብሽው ልጃችን፣ ከመስቀል በኋላ ስማዳ ስንገባ የቀጠሮ መዝገቡ በእጅሽ ነው፤ ከሚያዝያ ጀምሮ የሚጠብቁትን አስቀድመሽ ጥሪያቸው። ለባለቤቱና ለሁለቱ ልጆቹ ደግሞ እግዚአብሔር መጽናናቱን ይላክላችሁ፤ ለዓውደ ዓመቱ ቡና ቤታችሁ እንመጣለን።

መልካም አዲስ ዓመት።