ሳይሰለፉ የደረቁት አተሞች

ሦስት ቀን ሙሉ ስጠብቀው የነበረው ሲሙሌሽን (የአተሞችን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር ማስመሰል) ዛሬ ጠዋት አለቀ። 10 ሺህ አተሞች ናቸው። 64 በመቶው መዳብ፣ ቀሪው ዚርኮኒየም የሚባል ብረት። በ2000 ኬልቪን (ኬልቪን የሙቀት መለኪያ ነው) አቅልጬ እስከ 300 ኬልቪን አቀዘቀዝኳቸው።

ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ትርምስ ነው። አተሞቹ ይሯሯጣሉ፣ ቦታ ይለዋወጣሉ። ከዚያ መንቀሳቀስ እየከበዳቸው ይሄዳል። በመጨረሻ ሁሉም ባለበት ይቀራል፤ እዚያው ሆኖ ይንቀጠቀጣል። ግን አልተሰለፉም! ተራ ብረት ሲጠጥር አተሞቹ በረድፍ በረድፍ ይደረደራሉ። የእኔዎቹ የፈሳሽነታቸውን ዝብርቅርቅ እንደያዙ ደረቁ። ብረታማ ብርጭቆ የሚባለው ይኸው ነው።

ቀኑን የበላው የጎረቤት ቆጠራው ነው፤ እያንዳንዱን አተም ስንት አተሞች እንደከበቡት መቁጠር። ሙቀቱ በወረደ ቁጥር፣ በ12 ጎረቤቶች ዙሪያቸውን የተከበቡ የመዳብ አተሞች እየበዙ መጡ። ቅርጹ ኢኮሳሄድሮን ይባላል፤ 20 ባለ ሦስት ማዕዘን ገጾች አሉት። ሲያዩት እንዴት ያምራል! ግን የቱንም ያህል ቢደረድሩት ክፍተት ሳይተው ቦታ አይሞላም። አተሞቹ ክሪስታል እንዳይሠሩ ከሚያግዷቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

የሚከነክነኝ ፍጥነቱ ነው። እኔ ያቀዘቀዝኩት በሰከንድ 10 ቢሊዮን ኬልቪን ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. ከወርቅና ከሲሊኮን የተሠራው የመጀመሪያው ብረታማ ብርጭቆ የቀዘቀዘው በሰከንድ በሚሊዮን ገደማ ነበር። ያን ያህል ማዝገም ለእኔ ከባድ ነው፤ ኮምፒውተሩ በአንድ እርምጃ የሚሄደው 2 ፌምቶ ሰከንድ ብቻ ነው (የሰከንድ ቢሊዮንኛው እንደገና ለሚሊዮን ሲከፈል አንድ ፌምቶ ሰከንድ ነው)። የእኔ ማቀዝቀዝ ለፈጀው 170 ናኖ ሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) እንኳ 85 ሚሊዮን እርምጃ ይፈልጋል።

ማታ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሼ እንደገና አስነሳሁት። በዝግታ ሲቀዘቅዝ ኢኮሳሄድሮኖቹ እንደሚበዙ ይታወቃል። ምን ያህል እንደሚበዙ ግን በራሴ ዓይን ማየት ፈለግኩ። ስድስት ቀን መጠበቅ ነው።