ወንድ አልወድም፣ የምወደው አንተን ብቻ ነው

የእስያ ቢኤል (የወንድና የወንድ ፍቅር) ድራማ ትንሽም ቢሆን ያየ ሰው ይህችን ንግግር ያውቃታል። ልጁ ስምንት ክፍል ሙሉ ጓደኛውን በዓይኑ ሲከተል ከርሟል። ጓደኛው ከሌላ ሰው ጋር ሲስቅ በቅናት ይንጨረጨራል። ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ይዞ ይሮጣል። በመጨረሻ ልቡን ሊከፍት ነው። ሙዚቃው ለስለስ ይላል፣ ካሜራው ይጠጋል። ከዚያ «እኔ ወንድ አልወድም፤ የምወደው አንተን ብቻ ነው» ይላል። እኔ እዚህ ጋ ፖዝ አድርጌ ውኃ ልጠጣ እነሳለሁ።

ጸሐፊዎቹ ለፍቅር ብለው እንደሚያስገቡት ይገባኛል። «ካንተ ሌላ ሰው አይታየኝም» ለማለት ነው። እኔን ግን በገዛ ዕቃው የሚያፍር ነጋዴ ያስታውሰኛል። ሁለት ወንዶች የሚዋደዱበትን ታሪክ ይሸጥልናል። ከገዛነው በኋላ ደግሞ «እነዚህ ግን እንደነዚያ አይደሉም» ብሎ ይምልልናል። እንደነማን? ቢሆኑስ ምን ይጠበስ?

ዘውጉ ከየት እንደመጣ ላየ ሰው ነገሩ ዱብ ዕዳ አይሆንበትም። መነሻው ጃፓን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) እነ ሃጊዮ ሞቶና ታኬሚያ ኬይኮ ለልጃገረዶች በሚታተሙ የማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) መጽሔቶች ላይ የወንድ ልጆች ፍቅር መሳል ጀመሩ። የሚስሉት ሴቶች፣ የሚያነቡትም ሴቶች። ሴት ገጸ ባሕርይ ላይ የሚጫነው ይሉኝታና ግዴታ የሌለበት ፍቅር ፈልገው ነበር እንጂ የጌይ ሰዎችን ኑሮ እናሳይ ብለው አልተነሱም። ታሪኩ ከማንጋ ወደ ኢንተርኔት ልቦለድ፣ ከልቦለድ ወደ ቴሌቪዥን ሲሻገር ያ ውርስ አብሮ መጣ። ልጆቹ እስከ ሞት ይዋደዳሉ፣ ግን «ጌይ ነኝ» የሚል ቃል ካፋቸው አይወጣም።

ብዙዎቻችን በ2016ቱ የታይላንድ ድራማ በ«ሶተስ» በኩል ነው የገባነው። ቦታው የኢንጂነሪንግ ፋኩልቲ ነው (የታይላንድ ፍቅር ሁሉ ለምን ኢንጂነሪንግ እንደሚመዘገብ የሚነግረኝ ሰው እፈልጋለሁ)። ሲኒየሮቹ ፍሬሽማኖቹን ያስጮሃሉ፣ ያስሮጣሉ። ኮንግፖብ የሚባለው ፍሬሽማን የሲኒየሮቹን አለቃ አርቲትን በሰው ፊት ይጋፈጠዋል። የፋኩልቲውን ምልክት፣ ጊሩን፣ ካልሰጠኸኝ ሚስቴ አደርግሃለሁ፣ የሚስት ንብረት የባልም ነው ብሎ ሒሳቡን ይሠራለታል። ያኔ ስቄያለሁ። ችግሩ ከዚያ በኋላ «ባልየው የቱ ነው፣ ሚስትየው የቱ ነው» የሚለው ቀልድ በየድራማው መደገሙ ነው። ቢሆንም «ሶተስ»ን አሁንም እወደዋለሁ። መቸኮል አያውቅም። አርቲት ተቆጥቶ እየጮኸ ጆሮው ሲቀላ ማየት ብቻውን ይበቃል።

ከዚያ 2020 መጣ። ዓለም ቤቱን ዘግቶ ተቀምጧል። «ቱጌዘር» በየሳምንቱ ወጣና ከታይላንድ አልፎ ዓለምን አዳረሰ። ታይን የሚባል ልጅ ግሪን ከሚባል ወንድ ለማምለጥ ቆንጆውን ጊታር ተጫዋች ሳራዋትን «የውሸት ፍቅረኛዬ ሁን» ብሎ ይለምነዋል። ተዋናዮቹ ብራይትና ዊን ሲያምሩ አልክድም። ግሪንን ግን አስቡት። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ወንድ እንደሚወድ ሳያፍር በግልጽ የሚናገር እሱ ነው። ድራማው የሸለመው ምንድን ነው? መሳቂያ መሆን። ሲመጣ ሰው ይሸሻል፣ የቀልድ ሙዚቃ ይገባል። የሚያፍሩት ዋና ተዋናይ ናቸው፤ የማያፍረው አስቂኝ ነው። አድናቂዎቹ እዚህ ጋ ይጣሉኝ ይሆናል፣ ይሁን።

«ባድ በዲ» ነው ከዚህ ነገር ያወጣኝ። የ2021 መጨረሻ ሥራ ነው። ዳይሬክተሩ ኖፓርናች ቻይዊሞል (አድናቂዎች አኦፍ ይሉታል)፣ ተዋናዮቹ ኦም ፓዋትና ናኖን ኮራፓት ናቸው። ፓት እና ፕራን ጎረቤታሞች ናቸው፣ ወላጆቻቸው ደመኞች። አንዱ ኢንጂነሪንግ (እህ!)፣ ሌላው አርክቴክቸር ይማራል፤ ሁለቱ ፋኩልቲዎች ደግሞ ሁሌ ይደባደባሉ። አምስተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ሁለቱ ጣሪያ ላይ ናቸው። ማታ ነው። መሳሳማቸውን ሁሉም ያወራል፤ እኔ የማወራው ስለ ቀጣዩ ደቂቃ ነው። ፕራን የዓመታት ምኞቱ እጁ ገብቷል፣ ግን ፊቱ ላይ ደስታ የለም። የናኖን ዓይን እንባ ይሞላል፣ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፣ ጥሎት ይሄዳል። አንድ ቃል አይናገርም። ለምን እንደሄደ የምናውቀው ከጉርምስናው ጀምሮ ይህን ፍቅር ሲደብቅ ስላየነው ነው።

ፓትስ? ፓት ሌላ ሰው የሚወድ መስሎት ሲዳክር ልቡ ያለው ፕራን ጋ መሆኑ ይገባዋል። ይገባዋል፣ አለቀ። ፀጉሩን አይነጭም። «እኔ ወንድ አልወድም እኮ» ብሎ መስታወት አይሰብርም። ወላጆቹም የሚቃወሙት ልጁ ወንድ ስለሆነ ሳይሆን የዚያ ቤት ልጅ ስለሆነ ነው። የፓት እህት ፓ የምትወደው ሴት ናት፣ እሱም ወሬ አይሆንም። ድራማው በቆመበት መሬት አላፈረም። ከዚህ የበለጠ አልጠየቅኩም።

አንድ ሰው «ታዲያ ውስጣዊ ትግሉ ይቅር?» ሊለኝ ይችላል። አይቅር! ትግሉን የምር አድርጉት ነው የምለው። «አይ ቶልድ ሰንሴት አባውት ዩ»ን እዩ። 2020፣ አምስት ክፍል ብቻ፣ ፉኬት ደሴት። ቴ እና ኦ-አው ተኳርፈው የነበሩ የልጅነት ጓደኞች ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ቻይንኛ ያጠናሉ፣ ቴ ያስጠናዋል። ቴ ይወደዋል፤ ልክ ሲቀርበው ደግሞ ደንግጦ ይሸሻል። ኦ-አው ከዚያ በኋላ ብቻውን መስታወት ፊት ይቆማል። ቀይ ጡት መያዣ ለብሷል። ሴት ብሆን ኖሮ ይቀበለኝ ነበር ወይ እያለ ነው፣ ግን ይህን የሚል ድምፅ የለም። ልጁ፣ መስታወቱና ቀዩ ቀለም ብቻ። የቴ «አልወድም» ዋጋ ያስከፍላል። ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ሌሎቹ ድራማዎች ጣፋጭ የፍቅር ቃል ያደረጉት ያ ንግግር እዚህ ቁስል ነው። ተዋናዮቹ ቢልኪንና ፒፒ ያን ጊዜ እንዴት እንዲህ እንደተወኑ አላህም እግዜርም ይወቅ። እኔ አንጀቴ ተቃጥሎ ነው የጨረስኩት።

ጃፓኖች በሌላ መንገድ ይመጣሉ። «ቼሪ ማጂክ» (2020) ላይ አዳቺ የሚባል ዓይን አፋር የቢሮ ሠራተኛ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው የነካውን ሰው ሐሳብ መስማት ይጀምራል። በተጨናነቀ ሊፍት ውስጥ የቢሮው ኮከብ ኩሮሳዋ ይነካዋል፣ በፍቅር የሚያብድ ልብ ይሰማል። ኩሮሳዋን የሚጫወተውን ማቺዳ ኬይታን እዚህ ላይ ነው ማየት። ፊቱ የባንክ ማስታወቂያ ላይ እንዳለ ሰው የተረጋጋ ነው፤ ከጀርባ የምንሰማው ድምፁ ግን ይጮኻል፣ ይዘላል። ግሩም ነው። ግን አስራ ሁለት ክፍል ታግሼ፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱ ሊፍት ውስጥ ሆነው ሊሳሳሙ ሲጠጋጉ በሩ ፊቴ ላይ ተዘጋ። ወይ አታምጡት፣ ወይ አሳዩት። ከንፈርና ከንፈር መካከል በር መዝጋት ጨዋነት አይደለም።

በሌላ በኩል «ትናንት ምን በላህ?» (2019) አንድም የጦፈ መሳሳም ሳያሳየኝ አሸንፎኛል። ሺሮ ጠበቃ ነው፣ ኬንጂ ፀጉር አስተካካይ። ሁለቱም ከአርባ በላይ ናቸው፣ አብረው ይኖራሉ። ሺሮ የወሩን የምግብ ወጪ በ25,000 የን ወስኖ ሱፐርማርኬት ለሱፐርማርኬት ቅናሽ ያሳድዳል። ሥራ ቦታው ማንም ስለ ኬንጂ አያውቅም። ኬንጂ ደግሞ ለደንበኞቹ ስለ ሺሮ ያወራል። ሺሮ ሲሰማ ይቆጣል። ኬንጂ የሚመልስለት፣ ሌላው ሁሉ አብሮት ስለሚኖረው ሰው ሲያወራ እኔ ለምን አላወራም ነው። ድምፁን ከፍ አያደርግም። ሺሮም ዝም ይላል። ጌይ ነኝ ማለት የፈራ ሰው እንዲህ ሲጻፍ ፍርሃቱ የገጸ ባሕርዩ ነው፣ የጸሐፊው አይደለም። የኔ ልዩነት እዚህ ላይ ነው ያለው።

ቻይናን በዚህ ሚዛን መመዘን ግፍ ነው። እነሱ እንዳይናገሩ ተከልክለዋል። 2016 ላይ «አዲክትድ» ሳያልቅ ከቻይና የቪዲዮ ገጾች ተነሣ። ስለዚህ በ2019 «ዘ አንቴምድ» ሲወጣ በልቦለዱ ባልና ባል የሆኑት ዌይ ዉሺያን እና ላን ዋንግጂ «ወዳጆች» ሆነው መጡ። ሃምሳ ክፍል! ግን የላን ቤተሰብ ግንባሩ ላይ የሚያስረውን ጥብጣብ አስታውሱ። ከወላጅ፣ ከትዳር አጋርና ከልጅ በቀር ማንም አይነካውም። በቀዝቃዛው ዋሻ ውስጥ ዌይ ዉሺያን ሲጠቃ፣ ላን ዋንግጂ ጥብጣቡን ፈትቶ የሁለቱን እጅ አንድ ላይ ያስራል። ስለ ፍቅር የተነገረ ነገር የለም። ሳንሱሩ ምን ይቁረጥ? ላን ዋንግጂን የሚጫወተው ዋንግ ዪቦ ደግሞ ፊቱን ሳያንቀሳቅስ በዓይኑ ብቻ አስራ ስድስት ዓመት የጠበቀ ሰው ይሆናል።

«ሳንሱር ጥበብን ያሳምራል» የሚሉ አሉ፣ እኔ ከነሱ አይደለሁም። 2021 መስከረም ላይ የቻይና ተቆጣጣሪ ሴታሴት የሚመስሉ ወንዶች ከስክሪን ይጥፉ አለ፣ ተቀርጸው ያለቁ ሥራዎች ሳይታዩ መደርደሪያ ላይ ቀሩ። ጥብጣብም አልተረፈም። የቻይናውያኑ ዝምታ ተገደው ነው። የሚያበሽቀኝ ማንም ሳይከለክላቸው የሚያፍሩት ናቸው።

ኮሪያን ቶሎ ልለፍ። «ሴማንቲክ ኤረር» (2022) ስምንት አጫጭር ክፍል ነው፣ በአንድ ምሽት ያልቃል፣ ጣፋጭ ነው። ቹ ሳንግዉ በቡድን ሥራ ምንም ያልሠሩትን ሰዎች ስም ከፕሮጀክቱ ይሰርዛል፣ ጃንግ ጄዮንግ በዚህ ሳቢያ መመረቅ ያቅተዋል። የቡድን ሥራ ብቻውን የሠራ ሰው ሁሉ ከሳንግዉ ጎን ይቆማል። ፊሊፒንሶች ደግሞ በ2020 «ጌምቦይስ»ን በአብዛኛው በቪዲዮ ጥሪና በስልክ ስክሪን ሠሩት። ያን ዘመን የሚያስታውስ ሰው እንባውን ሳያዘጋጅ አይጀምር።

አሁን ወደ ሌላው ብስጭቴ። ታይላንድ ውስጥ ድራማው ካለቀ በኋላም ሁለቱ ተዋናዮች ጥንድ ሆነው ይሸጣሉ። ስማቸው ተጣምሮ አንድ ስም ይሆናል፤ አብረው ማስታወቂያ ይሠራሉ፣ አብረው መድረክ ላይ ይወጣሉ፣ ተያይተው መሽኮርመም የሥራቸው አካል ይሆናል። አንዱ በእውነተኛ ሕይወቱ ፍቅረኛ ይዞ የታየ ቀን ጉድ ይፈላል። አንዳንዱ አድናቂ እንደተከዳ ባል ያለቅሳል። ለሥራውም ጎጂ ነው። ጥንዱ አስቀድሞ ተወስኖ ታሪኩ በልካቸው ሲሰፋ፣ ይዋደዱ ይሆን ብዬ የምጓጓበት ነገር አይኖርም። ከመጀመሪያው ፖስተር ጀምሮ መልሱን አውቀዋለሁ። ፍቅራቸው በጣም ሞቅ ሲልም፣ አንደኛው የፊት ክሬም አውጥቶ ስሙን ወደ ካሜራ አዙሮ ስለ ቆዳው እርጥበት ያወራል። እሱን እንኳ ይቅር ብያለሁ። ገንዘብ ከየት ይምጣ?

ይቅር የማልለው፣ አንዱ «እምቢ» እያለ ሌላው የሚያስገድድበትን ትዕይንት ፍቅር ብለው ሲያቀርቡት ነው። በድሮዎቹ ውስጥ ብዙ አለ። እንደዚህ ያለውን ማንም «ቆይ፣ በኋላ ያምራል» ቢለኝ አልቆይም፣ እዘጋዋለሁ።

ታይላንድ ውስጥ ከጥር 2025 ጀምሮ ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች በሕግ መጋባት ይችላሉ። ታይዋን ከ2019 ጀምሮ ፈቅዳለች። «ወንድ አልወድም» የሚለው ልጅ አሁን የሚኖረው ወንድ ወድዶ በፊርማ ማግባት በሚቻልበት አገር ነው። ስለዚህ ጸሐፊዎቹ ወጣ ይበሉልኝ። ከግቢም ይውጡ። «ሙንላይት ቺክን» (2023) ይህን አድርጎታል። ፓታያ ላይ ዶሮ በሩዝ የሚሸጥ፣ ዕዳ ያጎበጠው ጂም የሚባል ጎልማሳ ነው ታሪኩ። የእህቱ ልጅ ሊ ሚንግ ደግሞ መስማት ለተሳነው ለሃርት ብሎ የምልክት ቋንቋ ይማራል፣ የሃርት ወላጆች እንኳ ያልደከሙበትን። ስምንት ክፍል ነው፣ ያቺን ንግግር አልሰማሁበትም። ለመጀመር የምትፈልጉ በዚህኛው ጀምሩ። «ቱጌዘር»ን ለዕረፍት ቀን አቆዩት፣ ግሪን ሲመጣ ግን አትሳቁበት።