ምን ጠፍቶባቸው ነው?

ታላቅ እህቴ ከደብረ ብርሃን በስልክ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነበር። ወደ ሰሜን ዋልታ ጫፍ፣ ሳይንቲስቶች ወደሚሠሩበት አገር ልሄድ ነው ስላት ትንሽ ዝም አለችና «እዚያ ምን ጠፍቶባቸው ነው? አንተስ ምን ጠፍቶብህ ነው?» አለች። ለፊተኛው ጥያቄ መልስ ይዤልሽ እመጣለሁ አልኳት። ለኋለኛው ግን ኪሴ ከተራቆተ በኋላም መልስ አላገኘሁለትም።

ወደ ኖርዌይ ከመምጣቴ በፊት አሥራ አራት ዓመት ፊዚክስ አስተምሬአለሁ፤ አሁን ኦስሎ ውስጥ አውቶቡስ እነዳለሁ። ከድሮ ተማሪዎቼ አንዷ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ ዛሬ ስቫልባርድ በተባሉት የኖርዌይ ደሴቶች፣ ሎንግየርቢየን ከተማ ውስጥ ስለ ላይኛው ከባቢ አየር ታጠናለች። «ስሜን እንዳይጽፉ» ስላለችኝ ስሟን አልጽፍም። «መምህር፣ ይምጡና በዓይንዎ ይዩት» እያለች ሁለት ዓመት ጎተጎተችኝ። የአውሮፕላን ቲኬት የሚረክሰው ደግሞ ሰው በማይሄድበት ወቅት ነው። ስለዚህ የሄድኩት ገና አራት ቀን ሲቀረው ነበር፤ በጾም፣ ፀሐይ ጨርሳ በማትወጣበት ሰሞን።

ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው በብርዱ ይኮራል። አዲስ አበባ ውስጥ በታኅሣሥ ጋቢ ደርቦ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሲያይ በሆዱ ይስቃል። እኔም ኦስሎ ከገባሁ ጀምሮ ስለ ብርድ ማንም እንዲያስተምረኝ ፈቅጄ አላውቅም። ከአውሮፕላኑ ደረጃ ስወርድ ግን የአፍንጫዬ ውስጥ በረዶ ሠራ። ከዜሮ በታች 19 ነበር። ነፋሱ የሚነፍስ ሳይሆን የሚናከስ ነው። ኩራቴን እዚያው ደረጃው ላይ ጥዬ ጫማና ካፖርት ወደሚያከራዩበት ቤት ሄድኩ። ስለዚያ ቤት በኋላ እመለስበታለሁ።

ያደርኩት ከከተማው በላይ፣ ሸለቆው ጫፍ ላይ፣ ድሮ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ይኖሩበት በነበረ ሕንፃ ውስጥ ነው። ብርድ ፈርቼ የመጣሁት ሰውዬ ሌሊቱን በሙቀት ተቀቀልኩ። ማሞቂያው አይበርድ፣ መስኮቱ በበረዶ ተጣብቆ አይከፈት። ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ጎረቤቶቼ ደግሞ ቢራ ከቀረጥ ነፃ የሆነበት አገር የደረሱ ወጣቶች ነበሩ። በመጨረሻ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ሰዓቴ ዘጠኝ ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። የእጄን ሰዓት እስከ ዛሬ የምሞላው በአገሬ አቆጣጠር ነው። ኦስሎ ውስጥ ይህ ለማንም አላስቸገረም፤ መስኮት ገልጦ ማየት ይበቃል። እዚህ ግን መስኮቱም ጨለማ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ይሁን ከቀኑ ዘጠኝ በምን ልወቅ? ከተማሪዬ ጋር የተቀጣጠርነው ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነበር። ቀጠሮው አልፏል፣ ቀኑን ሙሉ ተኝቻለሁ ብዬ ሱሪዬን እየታጠቅሁ ወደ እንግዳ መቀበያው ሮጥኩ። ሌሊት ተረኛዋ አንዲት ታይላንዳዊት ነበረች፤ በዚህች 2,500 ያህል ሰው በሚኖርባት ከተማ ውስጥ ታይላንዳውያን ብዙ ናቸው። ሰዓቴን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። የእኛ ሰዓት ከፀሐይ መውጣት እንደሚቆጠር ሳስረዳት፣ እዚህ አገር ሰዓታችሁ እስከ የካቲት ቆሞ መጠበቅ አለበት አለችኝ።

ሻይ አፈላችልኝ። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል አልበላም ስላት ምክንያቱን እንኳ ሳትጠይቅ አትክልት በሩዝ ሠራችልኝ። ከቦርሳዬ ሚጥሚጣ አውጥቼ ሰጠኋት። ቀምሳ ዓይኗ እንባ ሞላና እሷም የራሷን በርበሬ አወጣች። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ፣ ከሰሜን ዋልታ 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን፣ የማን ያቃጥላል ብለን ተወዳደርን። በማግሥቱ በረዶ ላይ ወድቄ እያነከስኩ ስገባ ከጫማ ሥር የሚታሰር ባለ ሹል ብረት አምጥታ ራሷ አሰረችልኝ። ገንዘብ ላውጣ ብል ተቆጣች። በበኩሌ የአትክልት ነው ተብሎ የቀረበልኝ፣ 190 ክሮነር የከፈልኩበትና ውስጡ ሥጋ ያገኘሁበት ሾርባ የአካባቢው ሰው ጠባይ ነው ብዬ እንዳልጽፍ ያደረገችኝ እሷ ናት።

ከተማውን በአንድ ጥዋት ጨረስነው። ሙዚየሙ በር ላይ ጫማ ይወልቃል። ማዕድን ቆፋሪዎቹ የከሰል አቧራ ይዘው እንዳይገቡ የተጀመረ ልማድ ነው፤ ለእኔ ግን ቤተ ክርስቲያን የገባሁ መስሎኝ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። ካልሲዬ ቀዳዳ ነበር።

ከዚያ መቃብር ቦታው። ተራራው ጎን ላይ ነጫጭ መስቀሎች በባትሪ ብርሃን ብቅ ይላሉ። «መሞት የተከለከለበት ከተማ» እየተባለ የሚወራው ስለዚህ ቦታ ነው። ወሬው የተጋነነ ነው፤ የተተወው ሬሳ በሳጥን መቅበር ነው። ከጥቂት ክንድ በታች አፈሩ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ስለሆነ መሬቱ ሳጥኑን ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይገፋዋል። ተማሪዬ ከመስቀሎቹ ወደ አንዱ ረድፍ መራችኝና፣ «እነዚህ ሰባቱ ወጣቶች ከሰል ሊቆፍሩ በአንድ መርከብ መጥተው በጥቅምት 1918 እ.ኤ.አ. የሞቱ ናቸው» አለችኝ። በምን ሞቱ? «በኅዳር በሽታ።»

ቆም አልኩ። የኅዳር በሽታ የእኛ ነው ብዬ ነበር የማስበው። አያቴ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ጠዋት የግቢውን ቆሻሻ ሰብስባ ስታቃጥል ጭሱ ዓይኔን እየለበለበኝ ነው ያደግሁት። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቀባሪ እስኪጠፋ ሰው ያለቀው፣ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው የተረፉት በዚህ፣ ዓለምን ባዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ በሽታ ነው። ያ ጭስ የሚሸሸው በሽታ እዚህ፣ ጭስ በማይሸትበት በረዶ ውስጥ፣ ተኝቶ ሊሆን ይችላል ያሉ ሰዎች ነበሩ። በ1998 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከርስቲ ደንከን የተባለች ካናዳዊት የጂኦግራፊ ምሁር ቡድን አስከትላ እነዚህን መቃብሮች አስከፈተች። ሬሳዎቹ የተገኙት ግን ከታሰበው በላይ ቅርብ ጥልቀት ላይ፣ በጋ ሲመጣ በሚሟሟው አፈር ውስጥ ነበር፤ የተፈለገውን ያህል አልቆዩም።

አላስካ ውስጥ ግን ተሳካ። ብሬቪግ ሚሽን በምትባል መንደር ከ80 አዋቂዎች 72ቱ በዚያው በኅዳር ወር፣ በአምስት ቀን ውስጥ አልቀው በአንድ ጉድጓድ ተቀብረው ነበር። ዮሐን ሁልቲን የሚባል ስዊድን ተወላጅ በ1951 ወጣት ሆኖ ቆፍሮ ሳይሳካለት ተመልሷል። ከ46 ዓመት በኋላ፣ ሰባ ዓመት አልፎት፣ እንደገና ሄደ። ከአንዲት ሴት ሳንባ የወሰደው ቁራጭ አሜሪካ ውስጥ በጄፍሪ ታውበንበርገር ቤተ ሙከራ ተመረመረ፤ የቫይረሱ ሙሉ የዘር ቅደም ተከተልም በ2005 ታወቀ። የዶክተሮችን ነገር ብዙ አላውቅም። ሆኖም ሞቃት አገር ሁሉ የቀበረውን ሲያፈርስ፣ የኅዳር በሽታን ማንነት በሰማኒያ ዓመቱ የመለሰው በረዶ መሆኑ እዚያ ጨለማ ውስጥ ብርዱን አስረሳኝ። ለአምስት ደቂቃ ያህል።

በሦስተኛው ቀን ወደ ተራራው ወጣን። ከከተማው ክልል ለመውጣት የዋልታ ድብ ስለሚያሰጋ መሣሪያ ያስፈልጋል። ድሮ ክፍል ውስጥ አይጥ ገባ ብላ ወንበር ላይ የወጣችው ተማሪዬ ጠመንጃ በትከሻዋ፣ የምልክት ሽጉጥ በወገቧ አድርጋ መጣች። «እዚህ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ መጀመሪያ የምንማረው መተኮስ ነው፤ ፊዚክሱ በኋላ ይመጣል» አለችኝ። በባለ ሰንሰለት መኪና ብራይኖሳ የሚባለው ተራራ ላይ ወጣን። እዚያ ከ2008 ጀምሮ የሚሠራው ሼል ሄንሪክሰን የተባለው የሰሜን ብርሃን (በዋልታ አካባቢ ሰማይ ላይ የሚታየው ባለ ቀለም ብርሃን) መመልከቻ አለ። ጣሪያው ላይ የብርጭቆ ጎድጓዳ ሳህኖች ተደፍተውበታል፤ በየአንዳንዱ ሥር አንድ መሣሪያ ወደ ሰማይ አንጋጥጦ ተቀምጧል። መብራት ክልክል ነው። በእጃችን እየዳበስን ገባን።

«መርፌውን አምጥተዋል?» አለችኝ። አምጥቼአለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምር በየዓመቱ የማሳየው ነበር፦ ወገቡ ላይ በክር ተንጠልጥሎ የተመዛዘነ፣ ከዚያ በማግኔት የታሸ የልብስ መርፌ። ደብረ ብርሃን ላይ አግድም ይተኛል፤ የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአገራችን በኩል ያልፋልና። ኦስሎ ላይ ያዘቀዝቃል። እዚህ ጠረጴዛው ላይ ስናንጠለጥለው አፍጥጦ ወለሉን አየ፤ ሊተከል ምንም አልቀረውም። አሥራ አራት ዓመት በጠመኔ ስስለው የኖርኩትን ነገር ስሄድበት አገኘሁት። አልደብቅም፣ ጉሮሮዬን ያዝ አደረገኝ።

ነገሩ ሁሉ ያለው መርፌው ላይ ነው። ወደ ምድር የሚወርዱት የመግነጢስ መስመሮች ዋልታው አካባቢ እንደ ዘይት መገልበጫ አፋቸውን ከፍተው ይጠብባሉ። ከፀሐይ የሚወረወሩት ቅንጣቶች ሌላ ቦታ ሲገፉ፣ በፀሐይ ፊት በኩል ባለው በዚህ ክፍተት ግን በቀጥታ ይገባሉ። ሲገቡ የሚያበሩትን ብርሃን ለማየት ክፍተቱ በቀን ከላይህ ሲያልፍ ሰማዩ ጨለማ መሆን አለበት። ቀን ሆኖ ጨለማ! በየብስ ላይ፣ አስፋልትና ኤሌክትሪክ ባለበት፣ ይህ የሚገናኝበት ቦታ በዓለም ላይ ከጣት ቁጥር አይበልጥም። እኔን ሌሊትና ቀን ያምታታብኝ ጨለማ ለእነሱ የሥራ ዕቃ ነው።

ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ «አሁን ነው» ብላ ወደ ውጭ አወጣችኝ። ምን አየሁ? ምንም። ደቡብ በኩል ጉም የመሰለ፣ ቀለም አለው ለማለት የሚያስቸግር ነገር። ከኦስሎ ድረስ ለዚህ? ተመልሰን ኮምፒውተሩ ላይ ስታሳየኝ ግን ሰማዩ እንደ ፍም ቀልቷል። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ያለ ኦክስጅን የሚሰጠው ቀይ ነው፤ የሰው ዓይን በጨለማ ቀይ ማየት ይሳነዋል። የዓይኔን ጥፋት በሰማዩ ላይ ማላከኬን ትቼ ዝም አልኩ።

«ታዲያ በየቀኑ ይህንኑ መመዝገብ አይሰለችሽም?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ይሰለቻል። ግን መምህር፣ አራት ኪሎ ያለውን ያስታውሱታል?»

እንዴት እረሳዋለሁ? ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ውስጥ ያለው የመግነጢስ መመዝገቢያ ጣቢያ ሥራ የጀመረው በ1958፣ የዓለም ሳይንቲስቶች ምድርን በአንድ ጊዜ ለመለካት በተስማሙበት የጂኦፊዚክስ ዓመት ነው። ተማሪ ሳለን ቁጥር የሚለቅሙትን ሠራተኞች «ሥራ ፈቶች» እንላቸው ነበር። በዚያው ዘመን ሃሌይ በሚባለው የአንታርክቲካ ጣቢያ እንግሊዞች ኦዞንን፣ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከልለንን ጋዝ፣ መለካት ጀመሩ። በየዓመቱ ለኩ፣ ለኩ፣ ምንም የለም። በ1985 ግን ኦዞኑ በጸደይ ወራት እየሳሳ መሄዱን ያወጁት እነሱ ናቸው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ኦዞንን የሚጎዱ ኬሚካሎችን የሚገታው የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። ይህች ልጅ ከዋልታውና ከእኛ ሰማይ የሚመጣውን ልኬት ጎን ለጎን አስቀምጣ ነው የምትሠራው፤ በእኛ ራስ ላይ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ የሚፈሰውን የኤሌክትሪክ ጅረት ከዚህ የሚመጣ ማዕበል እንደሚያናውጠው ስትነግረኝ፣ ያነጋገረችኝ ተማሪዬ መሆኗን ረስቼ ማስታወሻ መያዝ ጀመርኩ።

ገናን በጋራ ወጥ ቤት ዶሮ ሠርተን አከበርን፤ ታይላንዳዊቷም መጣች። ስለ ዶሮው መናገር አልፈልግም።

ወደ አውሮፕላን ጣቢያው ስንሄድ ከተራራው ጎን የወጣ አረንጓዴ ብርሃን አየሁ። የዓለም የዘር ማስቀመጫ በር ነው፤ ጎብኚ አይገባበትም። ውስጡ ከዜሮ በታች 18 ነው። አዲስ አበባ ካለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም የመጣ የመኖ ዘርም እዚያ አለ። የሶሪያ ጦርነት አሌፖ አጠገብ የነበረውን የዘር ባንክ ከጥቅም ውጭ ሲያደርገው በ2015 የመጀመሪያው መልሶ የማውጣት ሥራ የተከናወነው ከዚህ ነው። ሾፌሩ ግን በ2016 በረዶ መቅለጥ በሌለበት ወቅት ዝናብ ዘንቦ ውኃ ዋሻው መግቢያ ድረስ ገብቶ እንደነበር ነገረኝ። «ይህ ጎተራ ራሱ ጠባቂ ይፈልጋል» አለ።

ኦስሎ ስደርስም ጨልሞ ነበር። እህቴ ደወለችና መልሱን ጠየቀችኝ። ከአያታችን ጭስ ጀመርኩ፤ ሰባቱ ወጣቶች ጋር ስደርስ «ነፍስ ይማር» ብላ ጸጥ አለች፤ መርፌው ጋር ስደርስ ካርዷ አለቀ።

የጫማ አከራዮቹ ነገር ቀርቶኛል። የተረከብኩበትንና የመለስኩበትን ቀን ለየብቻ ሙሉ ቀን ብለው ቆጥረው የአንድ ቀን ኪራይ ጨመሩብኝ። ፀሐይ ባልወጣበት አገር ቀኑ መቼ እንደተጀመረ በምን እንዳወቁ በደብዳቤ ጠይቄአቸዋለሁ። እስከ አሁን አልመለሱልኝም።