የሚያልፍ ወፍና የሚከርም ወፍ

እስራኤል ውስጥ ወፍ ማየት የሚወድ ሰው ስታገኙ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ስለ ሁላ ሸለቆና ስለ ኤላት ነው። ሁለቱም ቦታዎች ዝናቸው ይገባቸዋል። እኔ ግን የምኖረው ሐዴራ ነው፤ ከቤቴ በመኪና ብዙም ሳልርቅ ማዓጋን ሚካኤል የተባለው ኪቡጽ (የጋራ እርሻ መንደር) የዓሣ ኩሬዎች አሉ። በስተምዕራብ ሜዲትራንያን ባሕር፣ በስተደቡብ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ አዞ ይኖርበት የነበረው የታኒኒም ወንዝ፣ መሐሉ ላይ ካርፕና ቲላፒያ የሚረባባቸው ኩሬዎች። ከኦክቶበር አጋማሽ ጀምሮ እስከ ዲሴምበር ድረስ ከዚህ የተሻለ ቦታ አያምረኝም። በእነዚህ ሳምንታት ወደ አፍሪካ የሚያልፈው ወፍና እዚሁ ሊከርም የመጣው ወፍ አንድ ውሃ ላይ ይገናኛሉ። ማን አላፊ፣ ማን ከራሚ እንደሆነ ለመለየት ደግሞ ቦታ መቀያየር አያዋጣም፤ አንዱ ኩሬ ላይ መመላለስ ያስፈልጋል።

ስለ ዕቃው ብዙ አልልም። 8 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ ባይኖኩላር ለኩሬ ይበቃል። ለባሕሩ ግን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ያለው ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያወጣው መርሊን የሚባል አፕ የወፍ ድምፅ ሰምቶ ስሙን ይጠቁማል፤ ቁጥቋጦ ውስጥ በጣም ይረዳኛል፣ ነፋስና ማዕበል ባለበት ዳርቻ ግን ዓይንን ማመን ይሻላል።

ከዕቃው በላይ ለውጥ ያመጣልኝ የብርሃን ነገር ነው። ጠዋት ፀሐይ ከየብሱ በኩል ስለምትወጣ ባሕሩን ለማየት ምቹው ጊዜ ያኔ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ውሃው ያብረቀርቅና የወፉ ቀለም ይጠፋል። ኩሬዎቹንም ጠዋት የማያቸው በምሥራቅ በኩል ካለው ግድብ ላይ ቆሜ ነው፣ ፀሐይዋ ከጀርባዬ እንድትሆን። በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ ሰዓት ስለሚቀየር በኖቬምበር 11 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። ስለዚህ ከሥራ በኋላ ማየት አይታሰብም። ዓርብን ከማለዳ እስከ ረፋድ ለዚህ ሰጠሁ፤ የሰንበት ዝግጅት ሳይደርስ እመለሳለሁ።

አላፊና ከራሚ መለየትን ያስተማሩኝ ፔሊካኖች ናቸው። ከሀዋሳና ከዝዋይ ሐይቅ የምናውቃቸው ዓይነት ነጭ ፔሊካኖች ናቸው፤ የእነዚህ ግን አብዛኞቹ በዳኑብ ወንዝ ደልታ ተፈልፍለው ወደ ደቡብ ሱዳን ረግረጎች የሚወርዱ ናቸው። በየዓመቱ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩት በእስራኤል ሰማይ ያልፋሉ። አንዱ 10 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ክንፉ ሲዘረጋ ወደ 3 ሜትር ይጠጋል። ይህን ያህል አካል ክንፍ በማማታት ብቻ አፍሪካ አይደርስም፤ ከሞቀ መሬት ሽቅብ የሚነሳው አየር ተሸክሞት ነው የሚሄደው። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማይነሳ መንጋው ሜዲትራንያንን ከማቋረጥ ይልቅ ዳርቻውን ተከትሎ ይመጣል። ይህ ሲገባኝ የምመጣበትን ሰዓት በእሱ ወሰንኩ። በማለዳ ውሃው ላይ ተደርድረው ዓሣውን ወደ ጥግ እየነዱ መንቆራቸውን ባንድ ጊዜ ሲነክሩ አያቸዋለሁ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ መሬቱ ሲሞቅ ጥቂቶች ይነሳሉ፣ ቀስ ብለው መዞር ይጀምራሉ፣ ሌሎቹም ይከተላሉ፤ ሲዞሩ አንዴ ነጭ፣ አንዴ ጥቁር ሆነው ይታያሉ። አላፊዎቹ እነዚህ ናቸው። አየሩ እየተነሳ፣ ጓደኞቹ እየሄዱ እሱ ዝም ብሎ የሚዋኝ ካለ ምናልባት ደክሞታል፣ ምናልባትም እዚሁ ሊከርም ነው። በሚቀጥለው ዓርብ እዚያው ሳገኘው እርግጠኛ እሆናለሁ።

አንድ ፔሊካን በቀን ከአንድ ኪሎ በላይ ዓሣ ስለሚበላ ለዓሣ አርቢዎቹ ቀላል እንግዳ አይደለም። በኤሜክ ሔፈር፣ ሚሽማር ሃሻሮን አጠገብ ባለው የውሃ ማጠራቀሚያ ለዓመታት በመንግሥት ድጋፍ ዓሣ ሲጨመርላቸው ቆይቷል፤ እዚያ በልተው ጉዟቸውን እንዲቀጥሉ፣ የአርቢዎቹን ኩሬ እንዲተዉ ነው። ወጪውን የሚነቅፉ አሉ። እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ። እነዚህ ወፎች ያርፉባቸው የነበሩት ረግረጎች አብዛኞቹ የደረቁት በሰው እጅ ነውና፣ ለጥቂት ሳምንት ስንቅ መስጠት አይበዛባቸውም።

ለትንንሾቹ ደግሞ ባዶ እየሆነ ያለ ኩሬ ፈልጉ። ዓሣው የሚወጣበት ጊዜ ሲደርስ ኪቡጹ ውሃውን ያፈሳል፤ ጭቃው ሲገለጥ ባለ ረጃጅም እግሮቹ ወፎች፣ ነጫጭ ሳቢሳዎች፣ ጥቁር ኮርሞራኖች በአንድ ቀን ይሞሉታል። ሙሉው ኩሬ ላይ ጥቁርና ነጩ ዓሣ አጥማጅ ወፍ አየር ላይ ባለበት ቆሞ ክንፉን ያማታል፣ ከዚያ ቁልቁል ይወረወራል፤ ጣና ዳር ያደገ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። እሱ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነው፣ አያልፍም። ጅራቷን ላይ ታች የምትወዘውዘው፣ በዕብራይስጥ ናሕሊኤሊ የምትባለው ትንሽ ወፍ ግን ኦክቶበር ላይ ስትመጣ ዝናብ መቅረቡን ትነግራለች። ቦታው የሰዎች የሥራ ቦታ መሆኑን ግን አትርሱ፤ መኪና ግድቡ ላይ አይቆምም፣ መረብ ሲጎተት ከመንገድ ገለል ማለት ነው።

በኖቬምበር ገደማ በሚውለው የቤተ እስራኤል በዓል፣ በስግድ ሰሞን እማዬን ይዣት ሄድኩ። ከትራክተር ኋላ የሚራመዱትን ነጫጭ ወፎች ገና ከሩቅ ስታይ፣ «እነዚህማ የከብት ወፎች ናቸው፤ እኛ ጋ በሬውን ነው የሚከተሉት» አለች። «ሽመላስ እማዬ፣ አትታይም?» አልኳት። «ሽመላማ ክረምት ሲወጣ እኛ ጋ ትደርስ ነበር፤ አሁን እዚህ ምን ትሠራለች?» በጎንደር መንደሮች የቤተ እስራኤል ልጆች ሽመላ ስታልፍ ስለ ኢየሩሳሌም ይጠይቋት እንደነበር ብዙዎቻችሁ ከወላጆቻችሁ ሰምታችኋል። እማዬም ከጠያቂዎቹ አንዷ ነበረች። ያለችውም ልክ ነው፤ ነጯ ሽመላ በብዛት እዚህ የምታልፈው ኦገስትና ሴፕቴምበር ላይ ነው። በኖቬምበር ተራው በዕብራይስጥ አጉር የሚባለው ረጅሙ ግራጫ ወፍ ነው። ከፊንላንድ የተነሱና የሳተላይት መከታተያ የታሰረላቸው አጉሮች በዚህ አገር በኩል ኢትዮጵያ ደርሰዋል፤ ጣና ዙሪያ የሚከርሙት ብዙ ናቸው። የወላጆቻችንን የወፍ እውቀት ሳይረፍድ ጠይቁ፤ እኔ ከእማዬ የሰማሁትን ጽፌ አስቀምጣለሁ።

ከሁሉ ለመለየት የሚከብዱት የባሕር ወፎቹ ናቸው፣ በዕብራይስጥ ሻሐፍ የሚባሉት። ሁሉም ነጭና ግራጫ ይመስላሉ፣ በየዕድሜያቸውም ላባቸው ይለያያል። የረዳኝ አንዱን ዓይነት ጠንቅቆ ይዞ ሌሎቹን ከእሱ ጋር ማስተያየት ነው። እኔ የያዝኩት ትንሹንና ብዙውን ነው፤ በሙቀቱ ወራት ጭንቅላቱ ጥቁር ቡኒ የሆነውን፣ አሁን ግን ነጭ ሆኖ ከዓይኑ ኋላ አንዲት ጥቁር ነጥብ ብቻ የቀረችውን። ከእሱ አጠገብ ቆሞ ነጥቡ የጠፋለት፣ ግንባሩና መንቆሩ ረዘም ያለው ሌላ ዓይነት ነው። በጣም የሚተልቀው፣ ጀርባው ግራጫ የሆነው ከአርመንና ከቱርክ ደጋ ሐይቆች ወርዶ እዚህ የሚከርመው ሊሆን ይችላል። ጀርባው ጥቁር፣ እግሩ ቢጫ፣ ክንፉ ረጅም ከሆነ ከፊንላንድ አካባቢ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሐይቆች የሚያልፈውን ጠርጥሩ።

የምዕራብ ነፋስ ዝናብ ይዞ ሲመጣ ሻሐፎቹ ወንዙ ባሕር የሚገባበት አሸዋ ላይ ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አድርገው ያርፋሉ፤ ከሩቅ ሆኖ በቴሌስኮፕ ማየት ነው፣ ተጠግቶ ማስነሳት ድካማቸውን ይጨምራል። ነፋሱ በርትቶ ከነፈሰ ጥልቅ ባሕር ላይ የሚኖሩትም ወደ ዳርቻ ይገፋሉ፤ ውሃውን እየታከከ የሚንሸራተተው ሺርዋተርና ከከፍታ የሚጠልቀው ትልቁ ነጭ ጋኔት ያኔ ነው የሚታዩት። ስለዚህ በዲሴምበር የአየር ትንበያውን የማየው ለነፋሱ አቅጣጫ ነው፤ ዝናቡ ባባራ ማግስት፣ ገና በማለዳ ወንዙ አፍ ላይ ታገኙኛላችሁ።