መብራት ሲመለስ ተጠንቀቁ

ጅማ ውስጥ ሰርቨር የሚይዝ ሰው መብራት ጠፋ ብሎ አይደነግጥም። ለምዶታል። ያቃጠለኝ ሌላ ነው።

የምሠራው ቡና የሚረከብ ድርጅት ውስጥ ነው። ዳታቤዛችን ፖስትግሬስ ነው፤ ዋናው ሰርቨር መጋዘኑ ጋ፣ ስታንድባዩ (ዋናው ሲወድቅ የሚተካው ተጠባባቂ) ሄርማታ ሰፈር ባለው ቢሮ። ሪፕሊኬሽኑን፣ ማለትም ዋናው ላይ የተጻፈውን ወደ ስታንድባዩ መቅዳቱን፣ መዘርጋት አላስቸገረም። ስታንድባዩን ወደ ዋና ማሳደግም የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነው።

መከራው ክላይንቶቹ፣ ማለትም ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኙት ኮምፒውተሮች፣ ናቸው። ሲስተሙን የዘረጋልን ባለሙያ የተወልን መመሪያ «ዲኤንኤሱን ቀይሩ፣ አለቀ» ይላል፤ የሰርቨሩ ስም ወደ ስታንድባዩ አድራሻ ይምራ ማለቱ ነው። የት አለቀ! ሰርቨር በወጉ ሲዘጋ ክላይንቶቹን አሰናብቶ ነው። ኤሌክትሪክ ድንገት ሲቋረጥበት ግን ማንንም አይሰናበትም። ጥያቄ የላከው ክላይንት መልስ እየጠበቀ ይቀመጣል። ሊኑክስ (የኮምፒውተሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ቅንብሩን ካልነካችሁት ሰርቨሩን «አለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው 2 ሰዓት ሙሉ ከጠበቀ በኋላ ነው። ኅዳር ላይ፣ ጀንፈል የጫነ መኪና ተሰልፎ፣ የሚዛኑ ስክሪን ድርቅ አለ። ስታንድባዩ ተነስቶ ሥራ ፈቷል። ባለሙያው ጋ ብደውል «ካሽ ይሆናል፣ ትንሽ ጠብቁ» አለኝ፤ ኮምፒውተሮቹ የድሮውን አድራሻ ይዘው ይሆናል ማለቱ ነው። እስቲ ይምጣና ሾፌሮቹን ጠብቁ ይበላቸው!

አሁን ኮኔክሽን ስትሪንጉ (ክላይንቱ የሚገናኝበት አድራሻና ቅንብር) ላይ ሁለቱንም ሰርቨር እጽፋለሁ፤ ከፖስትግሬስ 10 ጀምሮ ይቻላል። ታርጌት ሴሽን አትርስ የሚባለው ቅንብር ሪድ-ራይት ሲሆን ክላይንቱ የሚጻፍበትን ሰርቨር ራሱ ፈልጎ ይገባል። ኮኔክት ታይምአውት (ለመገናኘት የሚጠብቅበት ጊዜ) 5 ሰከንድ። ኪፕአላይቭ አይድል (ከመጀመሪያው «አለህ ወይ?» በፊት ያለው ጥበቃ) 30 ሰከንድ፣ ድጋሚው በየ10 ሰከንድ፣ 3 ጊዜ መልስ ካጣ ይቁረጥ። አይድሉን ብቻ ቀንሰው የሚተዉ አሉ። የቀሩትን ሁለቱን ሊኑክስ በየ75 ሰከንዱ 9 ጊዜ ብሎ ስለሚያስቀምጣቸው ከ11 ደቂቃ በላይ ይፈጃል።

መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ጣጣ። የድሮው ዋና ሰርቨር በራሱ ተነሳ። ፖስትግሬሱም አብሮ ተነሳ፣ አሁንም ዋና ነኝ ብሎ። ስትሪንጉ ላይ ስሙ የሚቀድመው እሱ ነው። እንደ አዲስ የተከፈቱት የመጋዘን ኮምፒውተሮች ዘው ብለው ገቡበት። ሪድ-ራይት የሚያጣራው «ይጻፍብሃል ወይ?» የሚለውን ብቻ ነው፤ እውነተኛው ዋና ማን እንደሆነ አያውቅም። የከሰዓቱ ቡና ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ተመዘገበ። ከወረቀት ደረሰኝ ጋር እያስተያየን በእጅ ለቀምነው።

መመሪያው «አገልግሎቱ በራሱ እንዲነሳ አድርጉ» ይላል። እኔ አታድርጉ እላለሁ። ማን ዋና እንደሆነ ሰው አይቶ ያስነሳው። የድሮውን ስታንድባይ አድርጋችሁ ለመመለስ ፒጂ ሪዋይንድ (የድሮውን ከአዲሱ ዋና ጋር የሚያመሳስል መሣሪያ) ከማስኬዳችሁ በፊትም እሱ ላይ ብቻ የተጻፈውን አውጥታችሁ አስቀምጡ፤ ሪዋይንድ ይደመስሰዋል። ይህንንም መመሪያው አይልም።